የኢንዶሜትሪዮሲስ የሆርሞን መድኃኒቶች፦ እንዴት ይሠራሉ? የቱ ለማን ይስማማል?

ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ፣ እንዳለባት የተነገራት ሴት ብዙ ጊዜ ከሐኪም ዘንድ ይዛ የምትወጣው የወሊድ መቆጣጠሪያ ማዘዣ ነው። ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም። የሄደችው በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥላትን ሕመም ልትታከም እንጂ እርግዝና ልትከላከል አልነበረም። ያላገባች ወጣት ከሆነች «ቤተሰቦቼ ቢያዩብኝ ምን ይላሉ?» የሚል ጭንቀት ይይዛታል፤ ልጅ የምትመኝ ከሆነች ደግሞ «ጭራሽ ሊያመክነኝ ይሆን?» ብላ ትሰጋለች። መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘላት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ሰው ካላገኘች፣ ጥቂት ሳምንታት ወስዳ ያልጠበቀችው ደም ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ታቋርጠዋለች። ሕመሙም እንደነበረው ይቀጥላል።

ስለዚህ ከመድኃኒቱ ስም በፊት አሠራሩን መረዳት ይበጃል። እንክብሉ፣ መርፌው፣ ሉፑ ስማቸው ቢበዛም የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ወር በወር ከፍ ዝቅ የሚለውን የሆርሞን ዑደት ያረጋጋሉ፤ ከማህፀን ውጭ የበቀለውን ሕዋስ የሚመግበውን ኢስትሮጅን ይቀንሳሉ ወይም ኃይሉን ያዳክማሉ። በሽታውን ግን ነቅለው አያወጡም። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ በኋላ ከሚመጣ ተስፋ መቁረጥ ያድናል።

በሽታው ከኢስትሮጅን ጋር ምን አገናኘው?

ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ከሚሸፍነው ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። በብዛት የሚገኘው እንቁላል በሚያመነጩት ኦቫሪዎች ላይ፣ የዳሌን ውስጥ በሚያለብሰው ስስ ሽፋን ላይ፣ እንዲሁም በማህፀንና በፊንጢጣ መካከል ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። አንጀትንና የሽንት ፊኛንም የሚይዝበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ይህ በሽታ አለባቸው። ብዙዎቹ የሕመማቸውን ስም እስኪያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። እስከዚያ ድረስ «የወር አበባ ማንንም ያማል፣ ቻይው» እየተባሉ ይኖራሉ።

በጤናማ ዑደት ኢስትሮጅን የማህፀኑን ሽፋን ያወፍረዋል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጀስትሮን ይመጣና እድገቱን ገትቶ ያረጋጋዋል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፤ ሽፋኑ ይፈርስና የወር አበባ ሆኖ ይወጣል። ከማህፀን ውጭ ያለው ሕዋስም ይህንኑ ትእዛዝ ይሰማል። ያድጋል፣ ያብጣል፣ ይደማል። የሚደማው ግን መውጫ በሌለው ቦታ ነው። ሰውነት እንደ ቁስል ቆጥሮት ይቆጣል፤ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ሕመምና ቁርጠት ቀስቃሽ ኬሚካሎች ይመረታሉ። እየቆየ ሲሄድ ጠባሳ ይፈጠራል፣ አካላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ አዳዲስ የነርቭ ጫፎችም ወደ ቁስሉ ይበቅላሉ።

ይህ ሕዋስ ከማህፀን ሽፋን የሚለይባቸው ሁለት ጠባዮች አሉት፤ ስለ መድኃኒቶቹ ቀጥሎ የምለው ሁሉ በእነዚህ ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው፣ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለው ከኦቫሪ የሚመጣለትን ብቻ ሳይጠብቅ ለራሱ ኢስትሮጅን ያመርታል። ሁለተኛው፣ ለፕሮጀስትሮን ጆሮው የከበደ ነው፤ «በቃ፣ አቁም» የሚለውን ትእዛዝ እንደ ጤናማው ሽፋን አይታዘዝም። አንዲቱ በእንክብል ስትድን የመሰለች፣ ሌላዋ በዚያው እንክብል ምንም ለውጥ ያላየች የምትሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ሁለተኛው ጠባይ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሁሉ ከማወቃቸው በፊት ያስተዋሉት አንድ ነገር ነበር፤ የወር አበባ በተፈጥሮ በሚቆምባቸው ሁለት ጊዜያት፣ በእርግዝናና በማረጥ፣ የብዙ ሴቶች ሕመም ጋብ ይላል። የሆርሞን ሕክምናው በሙሉ የተወለደው ከዚህ ትዝብት ነው። እስከ ዛሬም መድኃኒቶቹ በሁለት መንገድ ይከፈላሉ፤ እርግዝናን የሚመስሉና ማረጥን የሚመስሉ።

እርግዝናን የሚመስሉት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ሜክሲኮ በሚገኘው የሲንቴክስ ቤተ ሙከራ ኖርኤቲስቴሮን የተባለ፣ በአፍ ሲወሰድ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ፕሮጀስትሮን ተቀመመ። እንዲህ ያሉት ሰው ሠራሽ ዓይነቶች ፕሮጀስቲን ይባላሉ። በ1958 አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ሮበርት ኪስትነር አዲሶቹን ፕሮጀስቲኖች ሳያቋርጡ ለኢንዶሜትሪዮሲስ ታካሚዎች በመስጠት ሰውነታቸው ያረገዘ እንዲመስለው ማድረግ እንደሚቻል ጻፈ። ፕሮጀስቲን ያለበት የመጀመሪያው እንክብል ለእርግዝና መከላከያነት በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1960 ነው። ስለዚህ «የወሊድ መቆጣጠሪያ» የምንለው ነገር ከመነሻው የማህፀን ሕመም መድኃኒትም ነበር። ይህን የምናገረው በመድኃኒቱ የምታፍር ወጣት እንዳለች ስለማውቅ ነው፤ የምትወስደው የሕመም መድኃኒት ነው፣ የምታፍርበት ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ቢቀር ደስ ይለኛል። «አግቢና ውለጂ፣ ይለቅሻል» የሚለው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የፅንስ ሕክምና ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ማንም ሴት በሽታዋን ለማከም ብላ እንድታረግዝ መመከር እንደሌለባት በግልጽ አስቀምጧል። እርግዝና ሕመሙን ሁልጊዜ አያሻሽልም፣ በሽታው እንዳይባባስም ዋስትና አይሆንም። ልጅ የሚወለደው ስለሚፈለግ መሆን አለበት።

ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተቀላቀለበት እንክብል ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የማህፀኑን ሽፋንም ውጭ ያለውንም ሕዋስ ያሳሳል። ማሸጊያውን ልብ ብለው ይዩት። ከ28ቱ ፍሬዎች በተለመደው ዓይነት 21ዱ ሆርሞን ያለባቸው ናቸው። የቀሩት 7ቱ በቀለም ይለያሉ፤ ሆርሞን የለባቸውም፣ በአንዳንዱ ማሸጊያ ውስጥ ብረት ብቻ ነው ያለባቸው። በእነዚያ 7 ቀናት የሚመጣው ደም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ መፍሰስ ነው እንጂ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚመጣው የወር አበባ አይደለም። ለጤና የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሕመሟ በደም ቀናት ለሚብስባት ሴት ደግሞ እነዚያ 7 ቀናት ሕመሙን በየወሩ መልሶ መጥራት ይሆንባታል። ስለዚህ ሐኪሙ ባለ ቀለሞቹን ትታ በቀጥታ ወደ ሚቀጥለው ማሸጊያ እንድትሻገር ሊነግራት ይችላል። ይህን ትንሽ ለውጥ ሳይነገራቸው «እንክብሉ አልሠራልኝም» ብለው የተዉ ሴቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

«ደሙ ካልወጣ የት ሄዶ ይጠራቀማል?» የሚለው ፍርሃት በጣም የተለመደ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ፣ የሚጠራቀም ነገር የለም። ሽፋኑ ስላልወፈረ የሚፈርስ የለም፤ የሚፈርስ ከሌለ የሚፈስ ደም የለም።

ይህ ድብልቅ እንክብል ለሁሉም አይሆንም። በውስጡ ያለው ኢስትሮጅን የደም መርጋትን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ከዚህ በፊት በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም የረጋባት፣ የደም ግፊቷ ከፍተኛ የሆነ፣ ዕድሜዋ 35 ሞልቶ ሲጋራ የምታጨስ፣ የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ወይም ማይግሬን ከመነሳቱ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም የተጣመመ መስመር የሚታያት ሴት ይህን ለሐኪሟ ሳትናገር መጀመር የለባትም። እንክብሉን እየወሰደች አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም እስከዛሬ አይታው የማታውቀው ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።

ኢስትሮጅን ለማይስማማቸው፣ እንዲሁም በምርጫ፣ ፕሮጀስቲን ብቻውን ይሰጣል። በእንክብል መልክ በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ኖርኤቲስቴሮን አሲቴት ብዙ ጊዜ በቀን በ5 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ እንደ አስፈላጊነቱ እስከ 15 ሚሊ ግራም ሊያድግ ይችላል። ዳይኖጀስት ደግሞ በቀን 2 ሚሊ ግራም ያለ እረፍት የሚወሰድ፣ በብዙ አገሮች ለዚሁ በሽታ ተብሎ የተፈቀደ ነው። በዳይኖጀስት ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ብቻውን የሚሰጠው ዳይኖጀስት እንቁላል መውጣትን ቢገታም በእርግዝና መከላከያነት አልተመዘገበም፤ ማርገዝ የማትፈልግ ሴት ኮንዶም ወይም ሌላ ሆርሞን የሌለው መከላከያ ልትጠቀም ይገባል።

ፕሮጀስቲን የጀመረች ሴት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ አስቀድሞ ቢነገራት እጅግ ይጠቅማታል። ደሙ በቀጠሮ አይመጣም። ሁለት ቀን ቡናማ ነጠብጣብ ይታይና ይጠፋል፤ በሳምንቱ ደግሞ እንደ ወር አበባ ይፈሳል፤ ከዚያ ለሦስት ሳምንት ምንም የለም። ይህ መድኃኒቱ መበላሸቱን ወይም በሽታው መባባሱን አያመለክትም። ሽፋኑ እየሳሳ ሲሄድ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ በአብዛኛዎቹ ሴቶች ከወር ወር እየቀነሰ ይመጣል። የደም ቀኖችንና የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 እየሰጡ በማስታወሻ መያዝ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። ደሙ የተዘበራረቀበት ወር ብዙ ጊዜ ሕመሙ መቀነስ የጀመረበት ወር ነው፤ ይህ የሚታየው ሲጻፍ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ የጡት መወጠር፣ ራስ ምታት፣ ብጉር፣ የክብደት መጨመር ሊያጋጥም ይችላል። የስሜት መውረድን ግን ከእነዚህ ጋር አልደባልቀውም። ምክንያቱን ሳታውቅ የምታለቅስ፣ ነገር ሁሉ ያስጠላት ሴት «ይለፍ» ብላ መጠበቅ የለባትም፤ መድኃኒት መቀየር የሚያስችል በቂ ምክንያት ነው።

በየቀኑ መዋጥ ለሚከብዳት ሴት ሌሎች መንገዶች አሉ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የሜድሮክሲፕሮጀስትሮን መርፌ፣ 150 ሚሊ ግራም የሆነው፣ ሕመሙን በደንብ ያስታግሳል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የአጥንትን ጥንካሬ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ካቆሙትም በኋላ እንቁላል መውጣት እስኪጀምር ይዘገያል፣ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ ወደ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። አያመክንም፤ ያዘገያል። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ግን ሌላ ብትመርጥ ይሻላል። ሆርሞን ያለው ሉፕ 52 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ይዞ ማህፀን ውስጥ ይቀመጥና በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ይለቀዋል። አብዛኛው ሥራው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ወደ ደም የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፤ በብዙ ሴቶች ላይ እንቁላል መውጣቱ ስለሚቀጥል ግን ኦቫሪ ላይ ለሚፈጠረው ደም ያዘለ ከረጢት ብቻውን ጥሩ መከላከያ አይደለም። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ፕሮጀስቲን ሕመም ይቀንሳል፤ የደሙ አመጣጥ ግን አስቀድሞ ለመገመት ያስቸግራል።

የቱ ይበልጣል? በብሪታንያ 405 ሴቶች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2024 የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ መርፌውን ወይም ሉፑን የወሰዱትን ድብልቅ እንክብል ከወሰዱት ጋር ለሦስት ዓመት አነጻጽሯል። በሕመም ረገድ ልዩነት አልተገኘም፤ የሁለቱም ወገኖች ሕመም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው በ40 በመቶ ያህል ቀንሷል። መርፌውን ወይም ሉፑን የያዙት ግን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ ሕክምና ያስፈለጋቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው አንዲት ሴት ምርጫዋን በጎንዮሽ ጉዳቱ፣ በአኗኗሯና በልጅ ዕቅዷ ላይ ብትመሠርት ምንም እንደማይቀርባት ነው።

በሌላ በሽታ ምክንያት የምትወስደውን መድኃኒትም አትደብቅ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ጉበት ሆርሞኖቹን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርጉ የእንክብሉንና በክንድ የሚቀበረውን ጉልበት ያዳክማሉ። የሦስት ወሩ መርፌና ሆርሞን ያለው ሉፕ በዚህ አይነኩም።

ማረጥን የሚመስሉት

ከሦስት ወይም ከአራት ሴቶች አንዷ ያህል ከላይ ባሉት መድኃኒቶች በቂ እፎይታ አታገኝም። ያኔ ወደ ሁለተኛው መንገድ ይታለፋል።

አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ጂኤንአርኤች የሚባል ሆርሞን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ በሚሆን ልዩነት ጠብ ያደርጋል። ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ በየጠብታው እየነቃ ኦቫሪዎቹን «ኢስትሮጅን አምርቱ» ይላል። ሮጀር ጊየማንና አንድሩ ሻሊ ይህንን ሆርሞን ለይተው በማውጣታቸው በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ብዙም ሳይቆይ ኧርንስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ላይ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ፤ ሆርሞኑ በየሰዓቱ ጠብ ሲል ፒቱታሪው ይሠራል፣ ሳያቋርጥ ሲፈስበት ግን ጭራሽ ዝም ይላል። በሩን አልፎ አልፎ የሚያንኳኳ እንግዳ ይከፈትለታል፤ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሚደበድበውን ግን የቤቱ ሰው መስማት ይተዋል።

ሉፕሮላይድ፣ ጎሰሬሊንና ትሪፕቶሬሊን የሚሠሩት በዚሁ ነው። ሉፕሮላይድ በወር 3.75 ሚሊ ግራም ወይም በሦስት ወር 11.25 ሚሊ ግራም በመርፌ ይሰጣል። ጎሰሬሊን ደግሞ 3.6 ሚሊ ግራም የያዘች፣ በጣም ትንሽ ዘንግ የመሰለች ቅንጣት ናት፤ ከተለመደው በወፈረ መርፌ በየ28 ቀኑ ከእምብርት በታች በሆድ ቆዳ ሥር ትቀመጥና እየሟሟች ታልቃለች። ዕጢው ዝም ከማለቱ በፊት መጀመሪያ ስለሚነቃቃ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ይህ ሳይነገራት የተወጋች ሴት «መርዝ ሰጡኝ» ብትል አልፈርድባትም።

ከዚያ ኦቫሪዎቹ ይተኛሉ። ሕመሙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሰውነትን በድንገት የሚያግል ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የብልት ድርቀት፣ የስሜት መለዋወጥ ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳስበው አጥንት ነው። ሉፕሮላይድ ብቻውን በ6 ወር ውስጥ የአከርካሪ አጥንት ጥግግትን በአማካይ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ወደ 12 ወር ሲሻገር ቅነሳው እጥፍ ያህል ይሆናል። ብቻውን ከ6 ወር በላይ የማይሰጠው ለዚህ ነው። አጥንታቸው ገና እየተገነባ ላለ ልጃገረዶችም በቀላሉ አይታዘዝም።

ታዲያ ሕመሙን የሚያበርደው የኢስትሮጅን መውረድ፣ አጥንትን የሚጎዳውም እሱው ከሆነ መውጫው ምንድን ነው? ሮበርት ባርቢየሪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1992 ያቀረበው ሐሳብ ለእኔ የዚህ ሕክምና ቁልፍ ነው። የተለያዩ አካላት የሚፈልጉት የኢስትሮጅን መጠን አንድ አይደለም። የኢንዶሜትሪዮሲሱ ሕዋስ ለማደግ ብዙ ይፈልጋል፤ አጥንት ግን በትንሹም ይረካል። በሁለቱ መካከል ጠባብ መስኮት አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ30 እስከ 50 ፒኮ ግራም የሚሆን ኢስትራዲዮል፣ ማለትም ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት። በተለመደ ዑደት፣ እንቁላል ሊወጣ ሲል፣ መጠኑ ከ200 በላይ ይወጣል። ኢስትሮጅኑን በዚያ መስኮት ውስጥ ማቆየት ከተቻለ በሽታው ይራባል፣ አጥንቱ ግን አይራብም።

ከዚህ የመነጨው አሠራር ማካካሻ ሆርሞን መጨመር ነው። መርፌው ኦቫሪዎቹን ያስተኛል፤ ጎን ለጎን ትንሽ ፕሮጀስቲን፣ ለምሳሌ በቀን 5 ሚሊ ግራም ኖርኤቲስቴሮን አሲቴት፣ ወይም ከጥቂት ኢስትሮጅን ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። «ኢስትሮጅኔን ለማጥፋት እየተወጋሁ ለምን መልሳችሁ ሆርሞን ትሰጡኛላችሁ?» የምትል ታካሚ ልክ የሆነ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። መልሱ፣ ዓላማው ኢስትሮጅንን ማጥፋት ሳይሆን ልኩን ማግኘት ስለሆነ ነው። ማካካሻው የሕመም ማስታገሱን ሥራ አይቀንስም፤ ሙቀቱንና የአጥንቱን ጉዳት ግን ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ቀን ቢጀመር ደግሞ ሴቲቱ ያለ ምክንያት ከመሰቃየት ትድናለች።

በቅርብ ዓመታት የመጡት እንክብሎች ይህን መስኮት በቀጥታ የሚያነጣጥሩ ናቸው። ኤላጎሊክስና ሬሉጎሊክስ የፒቱታሪውን መቀበያ ዘግተው ስለሚይዙ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው መባባስ የለም፤ ሲቋረጡም ኦቫሪዎቹ ቶሎ ይነቃሉ። ኤላጎሊክስ በ2018 በአሜሪካ ተፈቀደ። በቀን አንዴ 150 ሚሊ ግራም ሲወሰድ ኢስትሮጅኑን በከፊል ያወርዳል፤ እስከ 24 ወር ይፈቀዳል። በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ሲሆን ግን አብዝቶ ስለሚያወርደው ገደቡ 6 ወር ነው። ያው መድኃኒት በመጠኑ ብቻ ሁለት የተለያየ ዕድሜ አለው።

ሬሉጎሊክስ ደግሞ ማካካሻውን በአንዲት ፍሬ ውስጥ ይዞ ይመጣል፤ 40 ሚሊ ግራም ሬሉጎሊክስ፣ 1 ሚሊ ግራም ኢስትራዲዮል፣ 0.5 ሚሊ ግራም ኖርኤቲስቴሮን አሲቴት። በ2022 በታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ከ24 ሳምንት በኋላ ይህን ከወሰዱት 75 በመቶዎቹ የወር አበባ ሕመማቸው በግልጽ ቀንሷል፤ ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው 27 እና 30 በመቶዎቹ ብቻ። ከወር አበባ ውጭ ላለው የዳሌ ሕመም ልዩነቱ ጠበብ ይላል፤ በአንዱ ጥናት 59 በመቶ ለ40፣ በሌላው 66 በመቶ ለ43። የአጥንት ቅነሳው በ24 ሳምንት ከ1 በመቶ በታች ነበር። እነዚህን ቁጥሮች በዝርዝር የጻፍኩት መድኃኒቱ በእርግጥ እንደሚሠራ፣ ግን ከአራቱ አንዷን እንደማያዳርስ አንድ ላይ ስለሚያሳዩ ነው። ውስጡ ኢስትሮጅን ስላለበት ስለ ደም መርጋት የተባለው ጥንቃቄ ለዚህም ይሠራል።

ከነዚህ በፊት ለዚህ በሽታ ብዙ ይታዘዝ የነበረው ዳናዞል ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ። የወንድ ሆርሞን ጠባይ ስላለው ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል፣ ያወፍራል፣ ድምፅንም ሊያጎረንን ይችላል፤ የጎረነነ ድምፅ ደግሞ መድኃኒቱ ሲቆምም ላይመለስ ይችላል። ዛሬ የተሻሉ አማራጮች እያሉ የሚመረጥ አይደለም። ሌትሮዞልን የመሳሰሉት አሮማቴዝ አጋጆች ሕዋሱ ለራሱ የሚያመርተውን ኢስትሮጅን ይከለክላሉ፤ ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ከፕሮጀስቲን ወይም ከእንክብል ጋር ተጣምረው ይሰጣሉ። ብቻቸውን ከሆነ ኦቫሪዎቹን ቀስቅሰው ከረጢት ያስቋጥራሉ።

የማያደርጉት

ልጅ ለምትፈልግ ሴት የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የሆርሞን መድኃኒት የማርገዝ ዕድልን አይጨምርም። እየወሰደች ሳለ አብዛኞቹ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋሉ፤ ስታቆም የመውለድ ችሎታዋ ወደነበረበት ይመለሳል እንጂ ከነበረው አይሻልም። «መጀመሪያ ስድስት ወር ሆርሞን ወስደሽ በሽታው ይድረቅ፣ ከዚያ ሞክሪ» የሚለው የቆየ ልማድ ጊዜ ይበላል፤ የ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያም ለዚህ ዓላማ እንዳይታዘዝ ይመክራል። አሁን ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ሌላ መንገድ ነው የሚያስፈልጋት፤ እንደ ሁኔታዋ ቀዶ ሕክምና ወይም በላቦራቶሪ የሚታገዝ የፅንስ ሕክምና። ዕድሜዋ የገፋ ከሆነ ደግሞ ይህ ውይይት ቶሎ መደረግ አለበት።

የተፈጠረን ጠባሳና የተጣበቀን አካል መድኃኒት አይፈታም። ኦቫሪ ላይ ያለው ከረጢት ጥቂት ሊያንስ ይችላል፤ አይጠፋም። የሽንት ቱቦን የሚጫን ጠለቅ ያለ በሽታ ካለ ሕመሙ ቢታገስም ኩላሊት ድምፅ ሳያሰማ ሊሞት ይችላልና፣ እንዲህ ያለችው ሴት ሆርሞን ብቻ ይዛ መቀመጥ የለባትም።

መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ በብዙዎች ላይ መመለሱም ያስደነግጣል። ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ያለ ምንም ክትትል ሕክምና ከተተወ በ5 ዓመት ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው ወይም ምልክቱ ሊመለስ ይችላል። ሐኪሞች ቶሎ ለማርገዝ ላላሰበች ሴት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆርሞን የሚያስቀጥሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱ ዕቅድ በሳምንታት ሳይሆን በዓመታት የሚታሰብ ነው፤ ደኅንነቱና የጎንዮሽ ጉዳቱም በዚያው ልክ ሊመዘን ይገባል። አንድን መድኃኒት ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞክሩ «አልሠራም» ማለት ይከብዳል፤ ስድስት ወር ወስዳው ምንም ያላሻላት ሴት ደግሞ በዚያው ላይ እንድትጸና መገደድ የለባትም።

የወር አበባው ፈጽሞ ቆሞም ሕመሙ የሚቀጥልባቸው ሴቶች አሉ። እያስመሰሉ አይደለም። ለዓመታት የተሰቃየ ነርቭ ቁስሉ ቢደርቅም ምልክት መላኩን ሊቀጥል ይችላል፤ የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም ሕመሙን ሲጠብቁ ተኮማትረው ይቀራሉ። ለእንዲህ ያለው ሆርሞን መጨመር ፋይዳ የለውም፤ የሚረዳው የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው።

ተፈጥሯዊው ማረጥ ሲመጣ በአብዛኛዎቹ ላይ በሽታው ይተኛል፤ ሕክምናውም ይቆማል። ሁለቱም ኦቫሪዎቿ በቀዶ ሕክምና ወጥተው በወጣትነቷ ያረጠች ሴት ግን ለአጥንቷና ለልቧ ሲባል ምትክ ሆርሞን ያስፈልጋታል። ማህፀኗ ቢወጣም እንኳ ኢስትሮጅን ብቻውን ባይሰጣት ይመረጣል፤ የቀረ ሕዋስ ካለ እንዳይቀሰቀስ ፕሮጀስቲን አብሮ ቢኖርበት ይሻላል። ምትክ ሆርሞን የሚያዝላት ሐኪም ከብዙ ዓመት በፊት የነበረውን በሽታ ላያውቅ ስለሚችል ኢንዶሜትሪዮሲስ እንደነበረባት ራሷ ልትነግረው ይገባል።